ጋዜጠኛ ጠመኔ ሲይዝ፦ እውነት ወይስ ተረት?

የፍኖተ ሰላም ወይም የቡሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት ይጨርስና «ጋዜጠኝነትና ኮሙዩኒኬሽን ደረሰኝ» ብሎ ቤቱ ይደውላል። ሕክምና ወይም ምሕንድስና ቢሆን እልል ይባል ነበር። አሁን ግን ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝምታ አለ፤ ከዚያም «ምነው ልጄ፣ ወሬ ለማውራት ይሄን ሁሉ ዓመት?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ጎረቤትም የበኩሉን ይጨምራል፦ ጋዜጠኝነት አይማሩትም፤ ቢማሩትም ከሠራ ሰው እንጂ ደብተር ይዞ ካደገ መምህር አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ደግሞ ተቃራኒው ይነገራል፦ ማስተርስ የሌለው ሰው፣ የፈለገውን ያህል ዓመት ቢሠራ፣ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?

ሁለቱም ወገኖች በየፊናቸው እውነትና ተረት ቀላቅለዋል። እንለያየው።

«ጋዜጠኛ ይወለዳል እንጂ አይማርም»

ተረት። ለዚህ ተረት ሁልጊዜ የሚጠራው ምስክር ጳውሎስ ኞኞ ነው። እውነት ነው፣ ጳውሎስ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሰውዬው ሳይማር ጋዜጠኛ ሆነ ማለት የሰውዬውን ድካም መካድ ነው። በ«የኢትዮጵያ ድምፅ» ጋዜጣ ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» የሚል ዓምድ ነበረው፤ አንባቢ ከየአውራጃው የልቡን ይጠይቃል፣ ጳውሎስ ይመልሳል። ስለ ፍቅርም ስለ ታሪክም ስለ ሳይንስም የሚመጣን ጥያቄ በየጊዜው መመለስ ያለበት ሰው መዝገብ ማገላበጥ፣ ሽማግሌ መጠየቅ፣ መጽሐፍ ማሳደድ ግዴታው ነው። ኋላ ስለ አጤ ቴዎድሮስና ስለ አጤ ምኒልክ የጻፋቸው ወፋፍራም መጻሕፍት ከዚሁ ልማድ የተወለዱ ናቸው። ይህ መማር ካልሆነ ምን መማር እንደሆነ አላውቅም። የጎደለው ምስክር ወረቀቱ ነው።

ደግሞም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሙያ፣ በዓሉ ግርማ አለ። አሜሪካ ሄዶ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፖለቲካል ሳይንስና ጋዜጠኝነት ተምሮ ተመለሰ፤ «አዲስ ዘመን»ን ጨምሮ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ ሆኖ ሠራ። አንዱ ተምሮ አንዱ ሳይማር ሁለቱም ተነበቡ የሚለው ክርክር ታዲያ የትም አያደርስም። አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለቤት ጆሴፍ ፑልትዘር በ1904 እ.ኤ.አ. ስለ ጋዜጠኝነት ኮሌጅ ሲጽፍ የገጠመው ይኸው «ይወለዳል» የሚል ክርክር ነበር። አልተቀበለውም፤ በገንዘቡ የተቋቋመው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እሱ በሞተ በዓመቱ፣ በ1912 እ.ኤ.አ.፣ ተከፈተ።

«ዲግሪ የሌለው ሰው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቦታ የለውም»

ይህ የምሁራኑ ተረት ነው፤ ከቤተሰቡ ተረት ይልቅ እሱ ያናድደኛል።

ዋልተር ዊልያምስ የሚባል ሰው ነበር። በአሜሪካዋ ሚዙሪ ግዛት ከማተሚያ ቤት ተላላኪነት ተነሥቶ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ፤ ኮሌጅ ደጃፍ አልረገጠም። በ1908 እ.ኤ.አ. የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሲከፍት የመጀመሪያው ዲን ያደረገው እሱን ነው። የሚገርመው ትምህርቱ የጀመረበት መንገድ ነው፦ ክፍል በተከፈተበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 14፣ ተማሪዎቹ የሚሠሩበት ጋዜጣም የመጀመሪያ እትሙን አወጣ። ትምህርትና ሥራ አንድ ቀን ተወለዱ። ዊልያምስ በ1931 እ.ኤ.አ. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ከእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ቢሆን ኖሮ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ይቀር ነበር።

በአገራችን የመምህርነት መንገዱ የታወቀ ነው። በውጤቱ ላቅ ያለው ተመራቂ እዚያው በረዳት ምሩቅነት ይቀራል፣ ማስተርስ ይላካል፣ ተመልሶ ያስተምራል። ለሒሳብ መምህር ይህ መንገድ ያስኬዳል። ዜና አጻጻፍ የሚያስተምረው ሰው ግን የጻፈው ዜና በአርታኢ ተቀዶ ተመልሶለት የማያውቅ፣ ለማረሚያ ተጠርቶ የማያውቅ፣ «ስሜን አጥፍተሃል» የሚል ሰው ቢሮው ድረስ መጥቶበት የማያውቅ ከሆነ፣ ተማሪው የሚያገኘው የዜናን ትርጓሜ እንጂ ዜናን አይደለም።

ያም ሆኖ በሩ ዝግ ነው ማለትም ትክክል አይደለም። በኢትዮጵያ የጋዜጠኝነት ሥልጠና ታሪክ እንዲያውም ከሙያው ጎን የተነሣ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ማሠልጠኛ ተቋም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠቃለለው ኋላ ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1996 ዓ.ም. ገደማ የጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ሲጀመር የኖርዌይ ድጋፍ ነበረበት፤ ከዚያ አገር የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጡ መምህራን በክፍል ቆመው አስተምረዋል። ዛሬም ቢሆን የትርፍ ሰዓት መምህር፣ እንግዳ መምህር የሚባል መግቢያ አለ። ለምዕራብ ጎጃም ተማሪ ደግሞ ሙያተኛው ሩቅ አይደለም። «በኩር» ጋዜጣ ባሕር ዳር ላይ ከተጀመረበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ በዚያች ከተማ የሦስት አሥርት ዓመታት የክልል ጋዜጠኝነት ልምድ ተከማችቷል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም እዚያው ነው።

«ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ማስተማር አያቅተውም»

እዚህ ላይ ከሙያተኛው ወገን ልወጣ ነው። ይህ ተረት ነው፤ አደገኛ ተረት።

ልምድ ያለው ጋዜጠኛ ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ፈተና አንደበቱ ነው። ጨዋታ ያውቃል። ከየትኛው ሚኒስትር ጋር የት እንደተጓዘ፣ ሳንሱር ምን እንደሰረዘበት ሲያወጋ ሰዓቱ ያልቃል፤ ተማሪው ስቆ ይወጣል፤ ደብተሩ ባዶ ነው። ሥራውን ሲሠራ እጁ የሚያውቀውን ነገር በቃል ዘርዝሮ ማስረዳት ሌላ ሙያ ነው። ለምን ያንን ምንጭ አመነ? ለምን ያንን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ አደረገ? ብዙዎቹ «እንዲሁ ይታወቃል» ይላሉ። ለእሱ ይታወቃል፤ ከደንበጫ ለመጣው የሃያ ዓመት ልጅ አይታወቅም።

ሁለተኛው ይከፋል። ልምድ የሚያወርሰው በጎውን ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ የጎጃም መሬት ራሱ አንድ ታሪክ አለው። ጆርጅ ስቲር የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ጋዜጠኛ የጣሊያንን ወረራ ከአዲስ አበባ ሆኖ ለለንደኑ «ታይምስ» ዘግቧል። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ጌርኒካ የምትባል የስፔን ከተማ ከአየር በተደበደበች ሌሊት እዚያ ደርሶ፣ የተረፉትን አነጋግሮ፣ በቦምብ ቅርፊት ላይ የጀርመንን የንሥር ምልክት አይቶ ጻፈ። ዘገባው ዓለምን አነቃነቀ፤ ዛሬም በጋዜጠኝነት ክፍሎች ይጠቀሳል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ያው ሰው ጎጃም ውስጥ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ በሚገባው ጦር ዘንድ የፕሮፓጋንዳውን ክፍል ይመራል። በአማርኛ ወረቀት ያስበትናል፣ በድምፅ ማጉያ በጣሊያን ሥር የተሰለፉት ወታደሮች እንዲከዱ ያስነግራል። ብዕሩ ያው ነው፤ ሰው ልብ ውስጥ መግባት መቻሉ ያው ነው። የሚሠራው ሥራ ግን ጋዜጠኝነት አልነበረም።

ለአርበኛው ወገን ነበርና አንወቅሰውም። ለክፍል ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፦ ጌርኒካ ላይ ያደረገውን ጎጃም ላይ ለምን አላደረገም? በመገናኛ ብዙኃን የረዥም ዓመት ልምድ አለኝ የሚል ሰው በአገራችን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ሚዲያ ልምድ ነው ያለው፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ጌርኒካ፣ ስንቱ ድምፅ ማጉያ እንደሆነ መጀመሪያ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ኖርዌያዊው ምሁር ቴርየ ሺየርዳል የኢትዮጵያ የመንግሥት ሚዲያ ጋዜጠኞች ራሳቸውን ሳንሱር ማድረጋቸውን እንዴት ለራሳቸው አሳማኝ እንደሚያደርጉት አጥንቷል፤ ከባልደረባው ጋርም በስብሰባ አዳራሽ ለጋዜጠኞች ስለሚታደለው የገንዘብ ፖስታ ጽፏል። አበሉን ፈርሞ፣ ምሳውን በልቶ፣ የኃላፊውን ንግግር ገልብጦ የሚሄድ ሰውም «ልምድ» አለው። እሱ ሲያስተምር ተማሪው የሚቀስመው ይህንኑ ነው፤ ያውም ከመጽሐፍ በፈጠነ።

ስለዚህ «የሠራ ሰው ይምጣ» ሲባል ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ምን የሠራ?» ነው።

«የድሮ ሰው ስለዛሬው ሚዲያ ምን ያውቃል?»

ግማሽ እውነት። ቴፕ በምላጭ ቆርጦ ያቀናበረ የራዲዮ ሰው በስልክ ቪዲዮ ማቀናበርን ከተማሪው ቢማር አያፍርም። መሣሪያ ይለወጣል።

የማይለወጠውን ለማየት ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ፎቶም ቪዲዮም እንደልብ አይወጣም ነበር። ዓለም አቀፍ የዜና ወኪሎች በአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዘገቡ፤ ምንጫቸው በሆስፒታል የሚሠሩ ኃላፊ ነበሩ፣ ስማቸውም አልተጻፈም። እስቲ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ዘርጉት። «ቢያንስ» የሚለው ለምን ገባ? ከመንገደኛ ይልቅ ሆስፒታል ለምን ተመረጠ? ስሙ ለምን ተደበቀ፣ ቢጻፍስ በማን ላይ ምን ይመጣ ነበር? ቤተሰቦቹ ከዚያች ከተማ የሆነ ተማሪ ሐዘኑን ይዞ እንዴት ይጻፍ? ይህን በኢንተርኔት የተወለደ ትውልድ በራሱ አያውቀውም። በስልክ ብቻ፣ በፍርሃት መሐል፣ ሰው ሳያስገድል እውነት ያወጣ አዛውንት ግን ያውቀዋል። ለእንዲህ ያለው ትምህርት ነው በር መከፈት ያለበት።

«የገጠር ዜና ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ይሰጠው»

ተረት፤ ከሁሉም የተስፋፋ ይህ ነው። በየወረዳው ያሉት የኮሙዩኒኬሽን ባለሙያዎች የሚጽፉት ዜና አካሄዱ ይታወቃል፦ ይህን ያህል ሄክታር መሬት በኩታ ገጠም በዘር ተሸፈነ፤ ይህንንም የገለጹት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ስህተት የለበትም። ዜናም የለበትም።

ጥሩ አርታኢ ይህን ወረቀት ይዞ ቁጭ ቢል ጥያቄው ሌላ ነው። የጎጃም ገበሬ መሬቱን በሄክታር አይቆጥርም፤ በጥማድ ነው የሚያወራው፣ አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ይሆናል። ታዲያ የሪፖርቱ ሄክታር ከማን ጥማድ ተደምሮ መጣ? ማን ለካው? በ2015 ክረምት በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ ወጥተዋል፤ በዚያ ሰሞን «በዘር ተሸፈነ» የሚለው ዜና ዩሪያ ያላገኘውን ማሳ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ያገኘችውስ ገበሬ ከማኅበር ገዛች ወይስ ከጥቁር ገበያ?

የቡሬ በርበሬ ደግሞ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ዋጋ ወጣ ተብሎ ሲጻፍ የማን ዋጋ ነው? የገበሬው፣ የደላላው ወይስ ዛላውን አዲስ አበባ የሚያራግፈው ነጋዴ? አንዱን ብቻ ጠይቆ የጻፈ ጋዜጠኛ ሳያውቀው ለአንዱ ወገን ሠርቷል። በዚህ ያለፈ ሰው ተማሪዎቹን በገበያ ቀን ይዞ ወርዶ ሦስቱንም ሳይጠይቁ እንዳይመለሱ ቢያደርግ፣ የአንድ ሴሚስተር የንድፈ ሐሳብ ትምህርት የማይሰጠውን በአንድ ከሰዓት ይሰጣል። ሰከላ ሄዶ ስለ ግሽ ዓባይ ምንጭ ማማር መጻፍ ቀላል ነው፤ ያው የሰከላ ገበሬ ድንቹን በስንት እንደሚሸጥ መጻፍ ግን እግር ይፈልጋል።

«የመውጫ ፈተናውን ካለፈ ጋዜጠኛ ነው»

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም። ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው። ምርጫ ደግሞ የስም ማጥፋትን ትርጓሜ ወይም የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ን አንቀጽ ይለካ ይሆናል እንጂ፣ የሚሸሽን ምንጭ ማግባባትን አይለካም። መምህራንም ሰው ናቸውና፣ ክፍላቸው የሚመዘነው በአላፊዎች ብዛት ከሆነ ለምርጫው ያስተምራሉ። በዚህ ላይ አልፈርድባቸውም።

ይህ ሁሉ ተብሎ የሚቀረው የገንዘብና የሰዓት ነገር ነው። እሱን ተረትም እውነትም አላለው፤ ማንም አያነሣውምና። የዜና አጻጻፍ ትምህርት ማለት በአመዛኙ እርማት ነው፦ ተማሪው ይጽፋል፣ ሙያተኛው በቀይ ብዕር ያርማል፣ ተማሪው እንደገና ይጽፋል። አርባ ተማሪ አንድ አንድ ገጽ ቢያስረክብና ለአንዱ ገጽ ሩብ ሰዓት ብቻ ቢሰጠው 10 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ዙር። የትርፍ ሰዓት መምህር የሚከፈለው ግን ተማሪ ፊት ለቆመበት ሰዓት ነው። ቀን ዜና ሲያሳድድ ውሎ ማታ አርባ ወረቀት በነጻ የሚያርም ሰው አንድ ሴሚስተር ይታገሣል፣ በሁለተኛው ወደ ወጉ ይመለሳል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሙያተኛ እንፈልጋለን ካሉ በውሉ ላይ የእርማቱን ሰዓት ይጻፉ፤ የክፍሉንም ተማሪ ከአርባ ወደ አሥራ አምስት ያውርዱት።