የአሜሪካ ትንሿ መኪና ማንን አከሰረች፣ ማንን አከበረች?

መኪና ባነሰ ቁጥር መሸጫ ዋጋው ይቀንሳል፤ የማምረቻ ወጪው ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ትንሿም መኪና እንደ ትልቁ ሞተር፣ ማርሽ፣ መሪ፣ ፍሬንና አራት ጎማ ትፈልጋለች። ሠራተኛው በሯን ለመግጠም የሚወስድበት ጊዜም ያው ነው። ከቁመቷ ተቆርጦ የሚተርፈው ጥቂት ብረት ብቻ ሲሆን፣ ገዢው ግን “ትንሽ ናት” ብሎ በብዙ መቶ ዶላር ቅናሽ ይጠብቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ “ኮምፓክት” እየተባሉ ለአሜሪካ ገበያ የቀረቡት መኪናዎች ታሪክ፣ ይህን የትርፍና ኪሳራ ስሌት ማን እንደፈታውና ማን እንደወደቀበት የሚያሳይ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950 ሁለት ኩባንያዎች ገበያውን በተቃራኒ መንገድ ሞከሩት። ማቀዝቀዣም መኪናም ይሠራ የነበረው የጆርጅ ሜሰን ኩባንያ፣ ናሽ ኬልቪኔተር፣ ራምብለርን አወጣ። በፊትና በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። ሜሰን ግን በርካሽነት ልወዳደር አላለም። በመጀመሪያ ያቀረበው ጣሪያው የሚከፈተውን ሞዴል ሲሆን፣ ሌላው ሻጭ ተጨማሪ ገንዘብ የሚያስከፍልበትን ሬዲዮና ማሞቂያ በ1,808 ዶላሩ ውስጥ አካተተው። ገዢው ትንሽ መኪና ነዳ እንጂ የድሃ መኪና አልነዳም።

በመርከብ ሥራ ስመ ጥር የነበረው ሄንሪ ካይዘር ደግሞ ሌላውን መንገድ ያዘ። ኩባንያው ከመንግሥት ብድር ሲወስድ ዋጋዋ ከ1,300 ዶላር ያልበለጠ መኪና ለማቅረብ ግዴታ ገብቶ ነበርና፣ “ሄንሪ ጄ” የተባለችውን መኪና ከላይዋ ላይ ሊነሳ የሚችለውን ሁሉ አንስቶ ሠራት። በመጀመሪያዎቹ ርካሽ ሞዴሎች የኋላ ዕቃ መጫኛው ከውጭ የሚከፈት ክዳን አልነበረውም፤ ሻንጣ ለማስገባት የኋላውን ወንበር ማጠፍ ግድ ነበር። ክሩስኮቷ ላይ እንኳ ዕቃ ማስቀመጫ ኪስ አልነበረም። ይህ ሁሉ ተቀንሶም ገዢው ጥቂት ገንዘብ ቢጨምር ሙሉ መጠን ያላት ሸቭሮሌት ያገኝ ነበር። በ1952 ሲርስ የተባለው የመደብሮች ባለቤት “ኦልስቴት” የሚል ስም ሰጥቶ ሊሸጣት ሞከረ፤ አልሆነም። በ1954 ምርቷ ቆመ።

በዚያው ዓመት ናሽ “ጄት” በተባለች ትንሽ መኪና ከተጎዳው ሀድሰን ጋር ተዋህዶ አሜሪካን ሞተርስ ተመሠረተ። ሜሰን ወዲያው ሞተና ቦታውን ጆርጅ ሮምኒ ያዘ። የዲትሮይትን ትልልቅ መኪናዎች ነዳጅ የሚጠጡ ዳይኖሰሮች እያለ በየመድረኩ የነቀፈውና “ኮምፓክት” የሚለውን ቃል በሕዝብ አፍ ያስገባው እሱ ነው። ከንግግሩ ይልቅ ግን የሂሳብ ሥራው ይደነቃል። ትንሿ ራምብለር በ1955 ከምርት ወጥታ ነበር፤ የቆርቆሮ መቅረጫ ፎርማዎቿ ግን አልተጣሉም። የ1958ቱ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲመጣ ሮምኒ ፎርማዎቹን አስወጥቶ፣ ያችኑ መኪና ጥቂት አሻሽሎ፣ “ራምብለር አሜሪካን” ብሎ በ1,789 ዶላር ገበያ አወጣት። ዋና የማምረቻ መሣሪያዋ ወጪው ቀድሞ የተከፈለ ነበር። በዚያ ዓመት ከአሜሪካ መኪና አምራቾች መካከል ሽያጩ የጨመረው አሜሪካን ሞተርስ ብቻ ነው። በ1960 የራምብለር ዓመታዊ ምርት ከ400 ሺህ አልፏል።

ስቱድቤከርም ዘዴውን ቀዳ። ከ1953 ጀምሮ ይሠራበት የነበረውን የመኪና አካል መሐሉን ትቶ ከፊትና ከኋላ አሳጠረውና “ላርክ” አለው። ለዓመታት ከኪሳራ ያልወጣው ኩባንያ በ1959 አተረፈ። የትላልቆቹን ኩባንያዎች መኪና የሚሸጡ ብዙ ወኪሎችም ላርክን ደርበው ለመሸጥ ተሰለፉ። እዚህ ላይ ነው አደጋው፤ የራሱ የሽያጭ መረብ ሳይሆን የተውሶ መረብ ነበር። በ1959 መገባደጃ ጄኔራል ሞተርስ ኮርቬርን፣ ፎርድ ፋልከንን፣ ክራይስለር ቫሊያንትን ሲያወጡ እነዚያ ወኪሎች ወደ ዋና አቅራቢዎቻቸው ተመለሱ። ስቱድቤከር በ1963 መጨረሻ የሳውዝ ቤንድ ፋብሪካውን ዘጋ፤ በ1966 ከመኪና ሥራ ጨርሶ ወጣ።

ሦስቱ ትላልቆች የተንቀሳቀሱት ወደው አይደለም። በ1959 ከውጭ የሚገቡ መኪናዎች ከገበያው አንድ አሥረኛ ያህሉን ይዘው ነበር፤ በግንባር ቀደምትነትም የአዲስ አበባ ሰው “ቮልስ” የሚላት ቮልስዋገን። የፎርዱ ሮበርት ማክናማራ፣ በ1961 የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው የቁጥር ሰው፣ ፋልከንን ምንም እንግዳ ነገር የሌለባት ተራ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና አድርጎ አሠራት። በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠች። ይሁንና ሁሉም ገዢ ከውጭ መኪና የተነጠቀ አልነበረም፤ ብዙው የበለጠ ትርፍ የሚገኝበትን ትልቁን ፎርድ ሊገዛ ይችል የነበረ ሰው ነው። ፎርድ አንድ ደንበኛ ከግራ ኪሱ አውጥቶ በቀኝ ኪሱ አስገባ፤ ያውም በቅናሽ። በፉክክሩ እንደ ሬኖ ያሉት የአውሮፓ መኪናዎች ሽያጫቸው ሲያሽቆለቁል፣ ቮልስ ግን በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ማደጓን ቀጠለች።

ኮርቬር ሌላ ታሪክ ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነበር። እንዲህ ያለው አሠራር በኩርባ ላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ሆኖም መኪናዋ እንዳታጋድል ከፊት የሚገጠመው ብረት ለወጪ ሲባል ቀረ። በእሱ ፋንታ የፊት ጎማዎች አየር ከኋላዎቹ በጣም አንሶ እንዲሞላ መመሪያ ተሰጠ። ነዳጅ ማደያ ያለው ጎማ ነፊ ይህን ከየት ያውቃል? ብረቱ በ1964 መደበኛ ሆኖ ቢገጠምም፣ በ1965 ራልፍ ናደር በመኪና ደኅንነት ላይ ባወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ለኮርቬር ሰጣት። ምርቷ በ1969 ቆመ። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት የትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መርምሮ፣ የ1960 እስከ 1963 ኮርቬሮች አያያዝ በዘመኑ ከነበሩት መሰሎቻቸው የከፋ እንዳልነበር ገለጸ። ለሻጩ ግን ጊዜው አልፏል።

ስሌቱን በመጨረሻ በደንብ የፈታው ፎርድ ነው፤ የፈታው ግን በፋልከን ስም አይደለም። ሊ አያኮካና ባልደረቦቹ የፋልከንን ብዙ የውስጥ ክፍሎች ወስደው ረጅም ኮፈንና አጭር ጀርባ ያለው አካል አለበሷት፤ በሚያዝያ 1964 ማስታንግ ብለው በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ አቀረቧት። ከዚያ በላይ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ሬዲዮውን ገዢው እየመረጠ ይጨምራል፤ ትርፉም ከዚያ ይመጣል። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አንድ ሚሊዮን ማስታንግ ተመረተ።

ሌሎቹ ኮምፓክቶች በየዓመቱ እየሰፉ፣ እየረዘሙ፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር እየተጨመረላቸው ሄዱ። ሻጩ የጥቂት መቶ ዶላር ጭማሪ ሲያገኝ፣ የታችኛው የገበያ ክፍል ባዶ ቀረ። በ1968 ቶዮታ ኮሮላን ወደ አሜሪካ ሲያስገባ በዚያ በኩል የጠበቀው አሜሪካዊ ተፎካካሪ ጥቂት ነበር።

ፋልከን በአገሯ በ1970 ቆመች። የፎርድ የአርጀንቲና ፋብሪካ ግን ያችኑ የ1960 መኪና መልኳን እየነካካ እስከ 1991 ሠርቷታል፤ የተመረተውም ወደ ግማሽ ሚሊዮን ይጠጋል።