ወረፋን በሰዓት ማሸነፍ

ሰው ከሚጠላቸው ነገሮች አንዱ ወረፋ ነው። ታክሲ ለመያዝ፣ ባንክ ቤት ገንዘብ ለማውጣት፣ በበዓል ዋዜማ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፎ የማያውቅ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እነዚህ ግን ግድ ሆኖብን የምንቆምባቸው ናቸው። ሰው ለመዝናናት ብሎ፣ ያውም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ቀኑን ሙሉ ሲሰለፍ ማየት ለየት ይላል። እኔ ይህን ያየሁት አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግኩት በበዓል ሰሞን በትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች ወረፋ እንዴት እንደሚፈጠርና እንዴት ሊቀነስ እንደሚችል ነው። ጉዳዩ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በኦፕሬሽንስ ሪሰርች ኮርስ የተማርነው የወረፋ ቲዎሪ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ ስለሆነ ለሁላችንም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

ከሁለት ዓመት በፊት አትላንታ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። አክስቴ በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ዓመቱን ሙሉ ከደሞዟ እየቆነጠረች ያጠራቀመችው ገንዘብ ልጆቹን ለአንድ ቀን ኦርላንዶ ከሚገኙት ፓርኮች ወደ አንዱ ለመውሰድ ነበር። እኔንም ጨመረችኝ። የሄድነው የፈረንጆቹ ገና ካለፈ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 28 ነው። ሰባት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዘን ርካሽ ሞቴል አደርን። ጠዋት «በዓል ነው፣ ልጆቹ ትንሽ ይተኙ» ተባባልንና ፓርኩ በር ላይ የደረስነው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሆነ። (ሰዓቱን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልናገር። መኪና ለማቆም ሰልፍ፣ ለመግባት ሰልፍ፣ ለመጸዳጃ ቤት ሰልፍ! እስከ ማታ ድረስ የተጫወትነው አራት መጫወቻ ላይ ብቻ ነው። ትንሿ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ስታወራለት የነበረው መጫወቻ ጋ 50 ደቂቃ ከቆምን በኋላ «በቴክኒክ ችግር ለጊዜው ተቋርጧል» ተባለ። ልጅቷ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «በቃ፣ እንሂድ» ብቻ አለች። ይሄ ከለቅሶ ይብሳል። አክስቴ መኪና ውስጥ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ እግሯ አብጦ ነበር። «ሁለተኛ እዚህ ደጅ አልደርስም!» አለች።

አገሬ ተመልሼ በቀጣዩ ሴሚስተር ኦፕሬሽንስ ሪሰርች ወሰድኩ። የወረፋው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ያ ቀን እንደ ፊልም ትዝ አለኝ። ለአክስቴ ደውዬ «ልጆቹን አንድ ጊዜ ብቻ ውሰጃቸው፣ ፕላኑን እኔ አወጣለሁ» አልኳት። ስቃ ስታበቃ «እሺ፣ ግን እንዳምናው ከሆነ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለችኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ለፈተና ያጠናሁት ብቻ ሳይሆን ቃል የገባሁበት ነው።

ወረፋ እንዴት ይፈጠራል?

የወረፋ ጥናት የተጀመረው በመዝናኛ ቦታ አይደለም። አግነር ኤርላንግ የተባለው የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው ጽሑፍ የስልክ ጥሪዎች እንዴት እንደሚመጡ በፕሮባቢሊቲ አስረዳ። በኋላም በኮፐንሀገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ እየሠራ ስንት መስመር ቢኖር ደዋዩ ብዙ ሳይጠብቅ እንደሚስተናገድ የሚያሰሉ ቀመሮችን አወጣ። የፓርክ መጫወቻም ያው ነው፤ የሚመጣ ሰው አለ፣ በሰዓት ማስተናገድ የሚቻለው ቁጥር አለ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,000 ሰው ያስተናግዳል እንበል። ፓርኩ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲከፈት በመጀመሪያው ሰዓት 700 ሰው ይመጣል። ሁሉም ወዲያው ይሳፈራል፤ 300 ወንበር ባዶውን ይዞራል። ከዚያ ሰው እየነቃ መምጣት ይጀምራልና በሚቀጥሉት ሦስት ሰዓታት በየሰዓቱ 1,300 ሰው ይመጣል። በየሰዓቱ 300 ሰው ይተርፋል ማለት ነው። ስለዚህ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ 900 ሰው ተሰልፏል፤ መጨረሻ ላይ የቆመው ሰው 54 ደቂቃ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ጠዋት ባዶውን የዞረው 300 ወንበር ለከሰዓት አይቀመጥም፤ ባከነ። ሁለተኛ፣ ከ7 ሰዓት በኋላ የሚመጣው ሰው ወደ 700 ቢወርድ እንኳ ወረፋው በአንድ ጊዜ አይጠፋም። በየሰዓቱ በ300 ብቻ ስለሚቀንስ ለማለቅ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። «አሁን እኮ ሰው እየወጣ ነው፣ ሰልፉ ለምን አላጠረም?» የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላው በኪስ የሚያዝ ቀመር የሊትል ሕግ ነው። አሜሪካዊው ጆን ሊትል ማስረጃውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ወደ እኛ ጉዳይ ስናመጣው፣ ከፊታችን ያለውን ሰው ብዛት በደቂቃ ለሚሳፈረው ሰው ብዛት ብናካፍል የምንጠብቀውን ጊዜ በግምት እናገኛለን። ከፊታችሁ 240 ሰው ካለና በደቂቃ 8 ሰው ከተሳፈረ 30 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሰልፉን ርዝመት ብቻ አይቶ መደንገጥም ሆነ መጽናናት ስሕተት ነው፤ ፍጥነቱም መታየት አለበት።

የፕላኑ አራት ነጥቦች

1ኛ. ቀኑን መምረጥ። በፍሎሪዳ ፓርኮች ከዓመቱ ሁሉ ሰው የሚበዛው ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ባለው ሳምንት ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ወላጅም እረፍት ላይ ነው። የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለል ይላሉ፤ ከ20 ወዲህ መጠን ይጨምራል። እንግዲህ አክስቴን የጠቀማት የእኛ ካላንደር ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል በዲሴምበር 25 መሥራት አይከፋትም። ለሥራ ባልደረቦቿ «እኔ የገናውን ቀን ልሥራላችሁ፣ እናንተ ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት ሁለት ቀን ስጡኝ» አለቻቸው። ደስ እያላቸው ተቀየሯት። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ወዲያው ተነሱ ማለት ነው። ልጆቹ ለትምህርት ያልደረሱለት ሰው ግን ከጃንዋሪ መጀመሪያ በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የዲዝኒ ማራቶን የሚካሄድበትንና የማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ያለበትን የሳምንት መጨረሻ ይዝለል እንጂ።

2ኛ. ጠዋቱን መጠቀም። ከላይ ባየነው ስሌት በጣም ርካሹ ሰዓት የመጀመሪያው ነው። ፓርኩ 3 ሰዓት የሚከፈት ከሆነ በሩ ላይ 2 ሰዓት ከሩብ መገኘት ያስፈልጋል፤ ፍተሻና የትኬት ቁጥጥሩም ራሱ ወረፋ ነውና። ትኬት አስቀድሞ መግዛት ግድ ነው። ምሽት ላይ ሰልፈኛው ሰልፍ (ፓሬዱ) ሲያልፍና ርችት ሲተኮስ፣ እንዲሁም ከመዝጊያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ወረፋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

3ኛ. ቅደም ተከተል። ሁሉም መጫወቻ እኩል አይደለም። ለምሳሌ የዲዝኒው «ዳምቦ» የሚባለው በራሪ ዝሆን በአንዱ ዙሪያ ላይ 16 ዝሆኖች አሉት። በአንድ ዝሆን ሁለት ሰው ቢቀመጥ 32 ሰው ነው። ለመጫን፣ ለመዞርና ለማውረድ በድምሩ 4 ደቂቃ ቢፈጅ በሰዓት 480 ሰው ብቻ ያስተናግዳል። «የካሪቢያን ወንበዴዎች» የሚባለው ጀልባ ግን አንዱ ሳይርቅ ሌላው ስለሚከተል በሰዓት የሚያስተናግደው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ጠዋት መሮጥ ያለብን አቅሙ ትንሽ፣ ፈላጊው ብዙ ወደሆነው ነው። ትልልቅ ጀልባና ትልልቅ አዳራሽ ያላቸው ለእኩለ ቀን ይቆዩ። ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ በሩ አጠገብ ያገኘው የመጀመሪያው መጫወቻ ጋ ይሰለፋል።

4ኛ. ተራ መቀያየር። ትንሽ ልጅ ይዞ የሄደ ቤተሰብ ትልልቆቹ ሲሳፈሩ አንዱ ከሕፃኑ ጋር ይቀራል፣ ከዚያ እንደገና ሳይሰለፍ ይተካል። በትልልቆቹ ፓርኮች ይህ የተፈቀደ ነው፤ ሠራተኛውን መጠየቅ ብቻ ይበቃል። ብቻውን ለመሳፈር ፈቃደኛ የሆነ ሰው ደግሞ አንዳንድ መጫወቻ ላይ የብቸኞች ሰልፍ የሚባል አለለት፤ ጎዶሎ ወንበር ስለሚሞሉበት በጣም ይፈጥናል።

ገንዘብ የከፈለ ይቀድማልን?

አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንን ነበር። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ የሚባል አሠራር ጀመረ። ነፃ ነበር፤ ወረቀት ወስደህ «በዚህ ሰዓት ተመለስ» ትባላለህ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ ፓርኮቹ ሲዘጉ ቆመና ከ2021 ጀምሮ በሚከፈልበት ተተካ። ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ በበዓል ሰሞን ይወደዳል።

በቲዎሪው መሠረት ይህ ክፍያ አዲስ ወንበር አይፈጥርም። መጫወቻው በሰዓት የሚያስተናግደው ያው 1,000 ነው። ከነዚህ 600ውን ለከፈሉት ከሰጠን ላልከፈለው ሰልፍ የሚቀረው 400 ነው፤ ስለዚህ ያ ሰልፍ ሰው ሳይጨምርበት ይዘገያል። የከፈለው ያተረፈውን ደቂቃ ያልከፈለው ቆሞ ይከፍልለታል ማለት ነው። ኩባንያውን ለመውቀስ አይደለም፣ ሒሳቡ ነው። ለአክስቴ የአራት ሰው ክፍያ የሁለት ቀን የቤት አስቤዛ ስለሆነ ተውነው። ገንዘብ የሌለው ሰው የሚከፍለው በጠዋት እንቅልፉ ነው።

የማይቀረው ወረፋ

የቱንም ያህል ቢታቀድ ዜሮ ወረፋ የለም። ዴቪድ ማይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ወረፋ ሥነ ልቦና በጻፈው ጽሑፍ ሥራ ፈቶ መጠበቅ እየሠሩ ከመጠበቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥበቃም ከታወቀው ይረዝማል ይላል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ2012 ፍሎሪዳ ያለውን ዳምቦ ሁለት ሲያደርገው ልጆች ተራቸው እስኪደርስ የሚጫወቱበት ድንኳንም ጨመረበት። እኛ ድንኳን ባይኖረንም እንቆቅልሽ አለን። ለልጆቹ «እንቆቅልህ» እያለች እንድትጠይቃቸው ነገርኳት።

እንዴት ሆነ?

እነሱ በር ላይ ሲቆሙ እዚህ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። ላይብረሪ ተቀምጬ የማነበው አንድም አልገባኝም። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። መጀመሪያ የሰማሁት የትንሿን ድምፅ ነው፤ አምና የቀረባት መጫወቻ ላይ ገና በሩ እንደተከፈተ ሁለት ጊዜ ተሳፍራለች! እስከ እኩለ ቀን ስድስት መጫወቻ ጨርሰዋል። ማታ ሲወጡ ዘጠኝ ደርሷል።

ቀጥላ አክስቴ ስልኩን ተቀበለችና ወቀሳዋን ጀመረች። አንደኛ፣ ሰው ሳይበዛ ምሳ ብሉ ብዬ 5 ሰዓት ላይ መጻፌ። «የነቢያት ጾም መሆኑን ረሳኸው? እኔ እስከ 9 ሰዓት መች እበላለሁ?» ልጆቹ ከቤት የያዙትን በልተው እሷ ቆይታለች። ሁለተኛው ይበልጥ አሳፈረኝ። መጫወቻዎቹን የደረደርኩት በወረፋቸው ብቻ ስለነበር ከፓርኩ አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ አመላልሻቸዋለሁ። «ቀመርህ እግር የለውም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ለኔ በካርታ ላይ አንድ መስመር የነበረው ለእሷ ያበጠ እግር ነበር። ለሚቀጥለው ከወረፋው ጋር ርቀቱንም አስገባለሁ።

ለማጠቃለል ያህል፣ ወረፋ የሚረዝመው ሰው ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሰዓት ስለሚመጣ ነው። የሰውን ብዛት መቀነስ አንችልም፤ የምንመጣበትን ሰዓት ግን እንመርጣለን። በዲሴምበር 28 ካልሆነ በቀር መሄድ የማይችል ሰው ደግሞ የመጫወቻ ቁጥር አይቁጠር፤ ልጁ ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን አንዱን ይጠይቀውና በጠዋት እሱን ያስቀድም። እኛ አምና ያንን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ «በቃ፣ እንሂድ» የሚለውን ቃል ባልሰማን ነበር።