ላፕቶፓችሁ ተንቀራፈፈ? አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ



በኮኪት፣ በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላችሁ፣ መምህራን፣ የሰሊጥ ሂሳብ በላፕቶፕ የምትይዙ ነጋዴዎች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፦ "ላፕቶፔ ለመነሳት ብቻ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ልቀይረው ወይ?"

አትቸኩሉ። ብዙ ጊዜ የደከመው ላፕቶፑ ሳይሆን ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን ብቻ በኤስኤስዲ መቀየር ይቻላል።

ልዩነቱ ምንድነው?
ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። የብዙ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ኤስኤስዲ ግን እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ ነው የሚጽፈው፤ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ሳታ የሚባለው ዓይነት በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል። መንገጫገጭም ያን ያህል አይጎዳውም።

የትኛው ይገጥማል?
በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ በብዛት ያለው 2.5 ኢንች ሳታ ነው። አዳዲሶቹ ደግሞ እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆነውን ኤም.2 ይወስዳሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ኤም.2 ራሱ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ ተብሎ ይከፈላል። መልካቸው ይመሳሰላል፣ ግን አንዱ በሌላው ቦታ ላይሰራ ይችላል። ስለዚህ ለመግዛት ጎንደር ድረስ የምትሄዱ ከሆነ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱ። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። ይህን ቀድማችሁ አስጠይቁ።

ከሁሉም በፊት ዳታ!
ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ የልጆቻችሁ ፎቶ፣ የተማሪ ውጤት፣ የዱቤ መዝገብ ግን አይተካም። ላፕቶፑን ከማስከፈታችሁ በፊት አስፈላጊውን ፋይል ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ሃርድ ዲስኩ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ፊልምና ዘፈኑን ተዉት፤ ዋናውን ፋይል መጀመሪያ አውጡ።

አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥም ይቻላል። ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም ይህን በነጻ ይሰራል። ባትሪው ሳይሞላ ግን አትጀምሩ፤ መሃል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከዜሮ ነው።

ርካሽ "2 ቴራ" ስታዩ ቆም በሉ
ገበያ ላይ አቅማቸው የተጭበረበረ ዕቃዎች አሉ። ኮምፒውተሩ 2 ቴራ ብሎ ያነባቸዋል፤ ሲሞሉ ግን ፋይሉ ይበላሻል። መፍትሔው፦ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ በፋይል ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት።

የቆላ ሰው ይህን ይያዝ
ኤስኤስዲ ያለ ኤሌክትሪክ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ዳታ ሊጠፋበት ይችላል። ጄዴክ የተባለው ደረጃ አውጪ ድርጅት፣ ለግል ኮምፒውተር የሚሰራ ኤስኤስዲ የመጻፍ አቅሙን ጨርሶ እንኳ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለ1 ዓመት ዳታውን እንዲይዝ ይጠይቃል። አዲስ ዕቃ ከዚህ በላይ ይቆያል። ሙቀት ሲጨምር ግን ጊዜው ያጥራል፤ የእኛ አገር ሙቀት ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ፋይል ጭናችሁበት መሳቢያ ውስጥ አትርሱት። በየሁለት፣ ሦስት ወሩ ሰኩትና ፋይሎቹን ክፈቱ።

አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አትተዉ
ባለሙያው ጋ ጥላችሁት እንዳትሄዱ! "አጥፍቼዋለሁ" ያላችሁት ፋይል በቀላሉ ሊመለስ ይችላል። ተቀብላችሁ ውሰዱት፤ የእናንተ ነው። ጤነኛ ከሆነ ኬዝ ገዝታችሁለት በዩኤስቢ የምትሰኩት መጠባበቂያ ይሆናችኋል። አዲሱ ጥቂት ሳምንታት በደንብ ሳይሰራ ግን ፎርማት አታድርጉት።

ላፕቶፑን ሊጥል ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።