ግንቡ የካውንቲው፣ ደመወዙ የግዛቱ

ኦክራኮክ ከሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ፊት ለፊት የተጋደመች ቀጭን የአሸዋ ደሴት ናት። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዋ 797 ነበር። ከየብስ ጋር የሚያገናኛት ድልድይ የለም። ሕፃኑም ጎረምሳውም በአንድ ግቢ የሚማሩበት፣ እስከ 12ኛ ክፍል የሚዘልቅ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ግን አላት። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድረው ሃይድ የሚባለው ካውንቲ ሲሆን፣ የካውንቲው መቀመጫ ስዋን ኳርተር ከፓምሊኮ ወሽመጥ ማዶ ነው። መኪና ጫኙ ጀልባ ይህን ውኃ ለማቋረጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ጀልባው ጨርሶ አይነሳም።

ለኦክራኮክ በጣም የሚቀርባት ጎረቤት ሌላ ደሴት ነው። ሃተራስ ይባላል፤ በጀልባ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። እዚያ ያሉት ትምህርት ቤቶች ግን የሌላ ካውንቲ፣ የዴር፣ ናቸው። ምክንያቱ ጀልባ ከጋሪ ይፈጥን በነበረበት ዘመን የተሠመረ ወሰን ነው። ኦክራኮክ ከካርተሬት ካውንቲ ወጥታ ወደ ሃይድ የገባችው በ1845 ነው። ያኔ ሃተራስም የሃይድ ነበር። በ1870 ዴር ካውንቲ ከሦስት ካውንቲዎች መሬት ተቆርሶ ሲመሠረት ሃተራስ ወደ አዲሱ ሄደ፤ ኦክራኮክ ቀረች። ያን ጊዜ ማንም ስለ ትምህርት ቤት በጀት አስቦ አልነበረም። ዛሬ አንድ የኦክራኮክ ልጅ የሚቀመጥበትን ክፍል ጣሪያ የሚያድሰው ማን እንደሆነ የሚወስነው ግን ያው መስመር ነው።

ካውንቲ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ቃል መሆኑ ቀርቷል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች የሚልኩትን ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ያስተረጉማሉ፤ ብዙ ሐበሻ ወላጅ የልጁን ትምህርት ቤት የሚያውቀው በካውንቲው ስም ነው። በስፋቱ ከእኛ ወረዳ ጋር ይነጻጸራል፤ ሥልጣኑ ግን ይለያል። ካውንቲ የራሱን ግብር ይጥላል፣ የራሱን ሸሪፍ ይመርጣል፣ የቦታና የቤት ይዞታ መዝገብ ይይዛል። ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ሰሜን ካሮላይና 100 ካውንቲዎችና 115 የትምህርት አስተዳደሮች አሏት፤ አብዛኛው አስተዳደር የአንድ ካውንቲ ነው፣ ጥቂት ከተሞች ብቻ የራሳቸውን ይዘው ቀርተዋል።

አሠራሩ ወጉን ላላወቀ ግራ ያጋባል። በየካውንቲው ሁለት የተመረጡ አካላት አሉ። አንዱ የትምህርት ቦርድ ነው፤ የበላይ ኃላፊውን ይቀጥራል፣ ትምህርት ቤት ይከፍታል፣ ይዘጋል። ይሁን እንጂ አንዲት ሳንቲም ግብር መጣል አይችልም። ግብር የሚጥሉት የካውንቲው ኮሚሽነሮች ናቸው። ስለዚህ ቦርዱ በየዓመቱ እስከ ግንቦት 15 የበጀት ጥያቄውን ለኮሚሽነሮቹ ያቀርባል፤ እነሱም የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት ወስነው ይጨርሳሉ። ከመካከላቸው ያለው ወር ተኩል የልመናና የክርክር ወቅት ነው። አንዱ ቤቱን ያስተዳድራል፣ ሌላው ቦርሳውን ይዟል።

መምህሩ ደግሞ የማንም ሳይሆን የግዛቱ ነው ማለት ይቻላል። መነሻ ደመወዙ የሚወጣው ከዋና ከተማዋ ከራሌ፣ ለሁሉም ካውንቲ አንድ በሆነ የደመወዝ እርከን ነው። ግንቡ፣ ጣሪያው፣ የመብራቱና የውኃው ሒሳብ የካውንቲው ዕዳ ነው። ካውንቲው አቅሙ ከፈቀደ በመምህሩ ደመወዝ ላይ ጭማሪ ይከፍላል፤ ካልፈቀደ አይከፍልም።

ይህ ክፍፍል በአንድ ቀን አልተወለደም። በ1839 የወጣው የመጀመሪያው የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ግዛቱ 40 ዶላር እንዲያዋጣ፣ አካባቢው 20 ዶላር እንዲጨምር ደንግጎ ምርጫውን ለካውንቲዎቹ ድምፅ ተወ። የሚበዙት ተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመታት ያህል ሸክሙ በመንደሩ ትከሻ ላይ ነበር። ድሃ መንደር ድሃ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር፤ ለጥቁር ልጆች የሚሠራው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። በዚያ ዘመን የሲርስ ኩባንያ ባለሀብት የነበረው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ በሰጠው ድጋፍና የጥቁር ገበሬዎች በጨመሩት ገንዘብ፣ እንጨትና ጉልበት በሰሜን ካሮላይና ብቻ ከ800 በላይ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ከየትኛውም ግዛት የሚበልጥ ቁጥር ነው።

ለውጡን ያመጣው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ነው። ገበሬው የመሬቱን ግብር መክፈል አቅቶት እርሻው ለጨረታ ሲወጣ ካውንቲዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። በ1931 ግዛቱ የስድስት ወር ትምህርት ወጪን በራሱ ወሰደ። በ1933 ዘመኑን ወደ ስምንት ወር አራዘመና ለዚሁ የ3 በመቶ የሽያጭ ታክስ ጣለ። መምህሩ የግዛቱ፣ ግንቡ የካውንቲው የሆነው ያኔ ነው። በድርቅ ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ ዝናብ ሲመጣ አይደፈንም፤ ሥርዓቱም እንዲሁ ቀጠለ።

ለመሬት ግብር የባሕር ዳርን ያህል የሚያዳላ ነገር የለም። ዴርን እንይ። በ2020 ነዋሪው 36,915 ነበር፤ በጋ ላይ ግን አሸዋው በቱሪስት ይሞላል። ከባሕሩ ፊት ለፊት በምሰሶ ላይ የቆሙት ትላልቅ የኪራይ ቤቶች ባለቤቶች ብዙዎቹ የሚኖሩት በሌላ ግዛት ነው። ግብር ይከፍላሉ፤ ልጆቻቸው የሚማሩት ግን እዚያው በየሚኖሩበት ነው። ለካውንቲ ሒሳብ ሹም ከዚህ የተሻለ ግብር ከፋይ የለም።

ሃይድ ደግሞ በማዶው ያለ ረግረግ፣ እርሻና ደን ነው። መሐሉ ላይ ማታሙስኪት የሚባለው፣ በግዛቱ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ተኝቷል። በክረምት ከሰሜን የሚመጡ ነጫጭ ዝይዎችና ይብራዎች ሐይቁን ያለብሱታል። ሐይቁና ዙሪያው ከ1934 ጀምሮ የፌዴራል የዱር አእዋፍ መጠለያ ሲሆን ስፋቱ 20,000 ሄክታር ይደርሳል። የፌዴራል መሬት የካውንቲ ግብር አይከፍልም። ወፎቹ ደስ ይላሉ፣ ጣሪያ ግን አያሳድሱም። ዴርም ብዙ የፌዴራል መሬት አለው፤ ልዩነቱ የቀረችው አሸዋ ወርቅ መሆኗ ነው። ግዛቱ ለአነስተኛና ለድሃ ካውንቲዎች የሚሰጠው ልዩ ድጎማ አለ፤ ቀዳዳውን ያጠብባል እንጂ አይደፍነውም።

ክርክሩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። በ1994 ሆክን፣ ሃሊፋክስንና ሮብሰንን ጨምሮ የአምስት ድሃ ካውንቲዎች የትምህርት ቦርዶች ከወላጆችና ከተማሪዎች ጋር ሆነው ግዛቱን ከሰሱ፤ ጉዳዩ በአንዱ ተማሪ ስም ሊያንድሮ ተብሎ ይጠራል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1997 የሰጠው ፍርድ ሁለት ፊት ነበረው። እያንዳንዱ ልጅ በቂ መሠረታዊ ትምህርት የማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት አለው አለ፤ ካውንቲዎች እኩል ገንዘብ እንዲያወጡ ግን ሕገ መንግሥቱ አያስገድድም አለ። በቂ ማለት ስንት ነው የሚለው ጥያቄ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ጠበቆችን ሲያሟግት ኖሯል።

ታዲያ የባሕር ዳር ሀብትም የራሱ ጣጣ አለው። የቤት ዋጋ ግብር ሲያበዛ ኪራይንም ያስወድዳል። ለሳምንት እረፍት ለመጣ ቤተሰብ በውድ የሚከራይ ቤት ለመምህር ዓመቱን ሙሉ አይከራይም። የተቀጠሩ መምህራን ማደሪያ አጥተው መመለሳቸው ያሰጋው ዴር መላ ፈለገ፤ በኪል ዴቪል ሂልስ 24 አፓርታማዎች፣ በሃተራስ ደሴት በበክስተን ደግሞ 12 ለመምህራን ተሠሩ። ዱሮ በገጠር የመምህሩ ቤት ከትምህርት ቤቱ ጎን ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ምክንያቱ መንደሩ ሩቅና ድሃ መሆኑ ነው፤ አሁን ደግሞ ውድ መሆኑ።

የትምህርት ዘመኑንም ባሕሩ ቆርጦታል። በ2004 የወጣውና ኋላ የተሻሻለው ሕግ አብዛኞቹ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለነሐሴ 26 ከሚቀርበው ሰኞ በፊት እንዳይጀምሩ፣ ለሰኔ 11 ከሚቀርበው ዓርብ በኋላ ደግሞ እንዳይቆዩ አዘዘ። ከሕጉ ጀርባ አጥብቆ የቆመው የቱሪዝም ንግዱ ነው፤ ቤተሰቦች እስከ ነሐሴ መጨረሻ በባሕር ዳር እንዲቆዩ፣ ወጣቶቹም በምግብ ቤትና በሆቴል ሥራ ላይ እንዲሰነብቱ። በተራራማው ምዕራብ ያለ፣ ባሕር ከቤቱ በመኪና የቀን መንገድ የሆነበት ልጅ ሳይቀር ክፍል የሚገባው የባሕር ዳሩ ገበያ ሲፈቅድለት ነው። ብዙ የትምህርት ኃላፊዎች ሲያጉረመርሙበት ኖረዋል፤ የሚያስገርምም አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ማዕበሉ አለ። የኬፕ ሃተራስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድኖች ስማቸው «ሃሪኬንስ» ነው፤ አውሎ ነፋሱን እንደ ዘመድ ማየት የለመደ ሰው ካልሆነ ማን ይህን ለልጁ ማሊያ ያወጣል? በነሐሴ 2011 አይሪን የተባለው ማዕበል የደሴቱን ብቸኛ አውራ ጎዳና ቆርጦ ሃተራስን ከየብስ ነጠላት። መስከረም 6 ቀን 2019 ደግሞ ዶሪያን መጣ። በኦክራኮክ ውኃው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ አለ፤ ቤቶችን፣ ሱቆችንና ትምህርት ቤቱን አጥለቀለቀ። ልጆቹ ትምህርት የቀጠሉት በየቦታው ተከፋፍለው ነው። ትልልቆቹ በፊት የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ጣቢያ በነበረ፣ ኋላ ላይ የመምህራን ማሠልጠኛ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ተቀመጡ። ቤተሰቦች ደሴቱን ትተው እንዳይሄዱ መጀመሪያ የሚከፈተው ትምህርት ቤት መሆን እንዳለበት ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ግንቡ የካውንቲው ነውና የማደሱ ኃላፊነት የወደቀው ከ4,600 በታች ሕዝብ ባለው ሃይድ ላይ ነበር።

ይኸው ትንሽ ካውንቲ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ ትምህርት ቤት የማን እንደሆነ ለአሜሪካ ጥሩ አድርጎ ያሳየ ነው። በግንቦት 1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኒው ኬንት በምትባል፣ ሁለት ትምህርት ቤቶች ብቻ ባሏት የምሥራቅ ቨርጂኒያ ካውንቲ ጉዳይ ላይ ታላቅ ውሳኔ ሰጠ። «የፈለገ ወደፈለገበት ይግባ» የሚለው ማምለጫ በቂ አይደለም፤ የነጭና የጥቁር ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ከሥሩ ይጥፋ አለ። ውሳኔው ትክክል ነበር። አፈጻጸሙ ግን በየካውንቲው ቦርድ እጅ ወደቀ።

የሃይድ ቦርድ ዕቅድ ቀላል ነበር። የጥቁሮቹ ሁለት ትምህርት ቤቶች፣ ኦ. ኤ. ፒይ እና ዴቪስ፣ ይዘጉ፤ ልጆቹ ወደ ነጮቹ ማታሙስኪት ትምህርት ቤት ይዛወሩ። በመላው ደቡብ ሲደረግ የነበረው ይኸው ነው። ጥቁሩ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ስሙ ይፋቃል፣ ርዕሰ መምህሩ ከሥራ ይወጣል ወይም ዝቅ ይላል። በሰሜን ካሮላይና የጥቁር አንደኛ ደረጃ ርዕሳነ መምህራን ቁጥር በ1963 ከነበረበት 620 በ1970 ወደ 170 ወርዷል።

የሃይድ ጥቁር ወላጆች እምቢ አሉ። መቀላቀሉን አልጠሉትም፤ የመቀላቀሉ ዋጋ በነሱ ብቻ መከፈሉን ነው። እነዚያን ትምህርት ቤቶች አባቶቻቸው ያቆሟቸው፣ እናቶቻቸው ድግስ የደገሱባቸው፣ ልጆቻቸው የተመረቁባቸው ነበሩ። በመስከረም 1968 ትምህርት ሲጀመር ልጆቻቸውን ሳይልኩ ቀሩ። ሳምንት አይደለም፣ ወር አይደለም፤ ሙሉ የትምህርት ዘመን። በየቤተ ክርስቲያኑ የራሳቸውን ትምህርት አዘጋጁ። ጎልደን ፍሪንክስ ከሚባለው የመብት ታጋይ ጋር ሆነው በየዕለቱ ማለት ይቻላል ወደ ስዋን ኳርተር ፍርድ ቤት ተሰለፉ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰባቸው፤ ልጆች ሳይቀሩ ታሰሩ። ሁለት ጊዜ እስከ ራሌ በእግር ተጓዙ። ከነጭ ዘረኞቹ ከኩ ክለክስ ክላን ጋርም እስከ መተኳኮስ ደረሱ።

ነገሩ የተቋጨው በዚያው በግንብና በደመወዝ ክፍፍል ነው። ማታሙስኪትን አስፍቶ ሁሉንም ልጅ እዚያ ለማስገባት ካውንቲው መበደር ነበረበት፤ ብድሩ ደግሞ የሕዝብ ድምፅ ያስፈልገዋል። በኅዳር 1969 የሃይድ መራጮች የቦንዱን ሐሳብ ጣሉት። ገንዘብ ከሌለ ማስፋፊያ የለም፤ ማስፋፊያ ከሌለ ዕቅዱ የለም። ኦ. ኤ. ፒይ እና ዴቪስ ሳይዘጉ ቀሩ፤ በ1970 የነጮች ልጆችም በበሮቻቸው ገቡ። ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ሰሰልስኪ በ1994 ይህን አድማ መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል።

ቁጥር ግን ከአድማ ይበረታል። በ1900 ከ9,000 በላይ ነዋሪ የነበረው ሃይድ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያነሰ ሄደ፤ ዓሣው ቀነሰ፣ እርሻው በማሽን ተሠራ፣ ወጣቱ ወጣ። ዛሬ በየብሱ ወገን ያሉት የሃይድ ልጆች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ የሚማሩት ማታሙስኪት በሚል ስም በሚጠራ ትምህርት ቤት ነው። ከወሽመጡ ማዶ ኦክራኮክ ራሷን ችላ ቀርታለች፤ ቡድኗ «ዶልፊንስ» ይባላል፣ ከደሴቷ ውጭ ጨዋታ ባለው ቀን ተማሪዎቹ ኳሳቸውን ይዘው መጀመሪያ የሚሰለፉት ለጀልባው ነው።