የተራራ ብስክሌት ሞላና ማርገቢያ አስተካከልና አያያዝ

ብስክሌት በአስፋልት ላይ ሲነዳ ጎማው ከመሬት ሳይለይ እየተንከባለለ ይሄዳል። ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና ቦይ በበዛበት የተራራ መንገድ ላይ ሲነዳ ግን ጎማው በየጉብታው እየነጠረ መሬቱን ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ነጂው ፍሬን ቢይዝ ብስክሌቱ አይቆምለትም፤ መሪውን ቢያዞርም አይታዘዝለትም። ስለዚህ በተራራ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው ሞላና ማርገቢያ ተግባሩ ለነጂው ምቾት መስጠት ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው ጎማው መሬቱን እንዳይለቅ በማድረግ ነጂውን ከአደጋ መጠበቅ ነው።

የተራራ ብስክሌት ስፖርት በይበልጥ ከታወቀባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የማሪን አውራጃ ነው። የዚያ አካባቢ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዓመታት ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠገኑ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተጀመረው ውድድራቸው «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጉሙም «እንደገና መሙላት» ማለት ነው። ስሙ የወጣለት በቁልቁለቱ ላይ የኋላው ፍሬን እየጋለ ውስጡ ያለውን ግራሶ ስለሚያቃጥለውና ከየጉዞው በኋላ አዲስ ግራሶ መሙላት ግድ ስለነበረ ነው። እነዚህ ብስክሌቶች ሞላ ስላልነበራቸው የድንጋዩን ምት የሚችሉት የነጂው ክንድና ጉልበት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ በአየርና በዘይት የሚሠራ የፊት ሹካ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ግን ሁኔታው እየተለወጠ ሄደ።

ሹካ የሚባለው የፊቱን ቸርኬ ከግራና ከቀኝ አቅፎ የሚይዘው ክፍል ነው። በውስጡ ሁለት የተለያየ ሥራ ያላቸው ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ሞላው ሲሆን፣ እሱም ጠመዝማዛ ብረት ወይም የታመቀ አየር ነው። ጎማው ጉብታ ሲመታ ሞላው ይጨመቃል፤ ጉብታው ሲያልፍ ደግሞ ይዘረጋል። ሞላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የተቀበለውን ኃይል መልሶ ስለሚያወጣ ብስክሌቱ እንደ ኳስ በነጠረ ነበር። ይህን የሚከለክለው ሁለተኛው ክፍል፣ ማለትም ማርገቢያው ነው። በማርገቢያው ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ስለሚገደድ የሞላውን እንቅስቃሴ ያዘገየዋል፤ ኃይሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። አንዳንድ ብስክሌቶች ከኋላም ተመሳሳይ መሣሪያ አላቸው።

መሣሪያው እንደ ነጂው ክብደት መስተካከል አለበት። አንድ ነጂ ብስክሌቱ ላይ ሲወጣ ሹካው በጥቂቱ ዝቅ ማለት ይገባዋል። ይህ ዝቅታ ጎማው ጉድጓድ ሲያጋጥመው ሹካው ወደ ታች ተዘርግቶ መሬቱን እንዲከተል ያስችለዋል። ለምሳሌ ሹካው በጠቅላላው 120 ሚሊ ሜትር የሚጨመቅ ከሆነ ዝቅታው 24 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለትም ከመቶ 20 እጅ ቢሆን መልካም ነው። ለኋላው ብዙውን ጊዜ ከመቶ ከ25 እስከ 30 እጅ ይመረጣል።

ዝቅታውን ለመለካት ነጂው ለጉዞ የሚይዘውን ሁሉ ይዞ፣ ግድግዳ ተደግፎ በፔዳሎቹ ላይ ይቆማል። በውስጠኛው ቱቦ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት እስከ ውጭኛው ቱቦ አፍ ድረስ ዝቅ ትደረጋለች። ነጂው ሹካውን ሳይነቀንቅ በቀስታ ሲወርድ ቀለበቷ ከቱቦው አፍ የራቀችበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ርቀቱ ከተፈለገው ከበለጠ አየር ይጨመራል፤ ካነሰ ይቀነሳል። ሹካው በትንሽ ቦታ ከፍተኛ ግፊት የሚይዝ ስለሆነ የጎማ መንፊያ አይስማማውም፤ ለዚሁ የተሠራ፣ የግፊት መለኪያ ያለው መንፊያ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የሹካው አዘረጋግ ፍጥነት ይስተካከላል። ፍጥነቱ ከበዛ ጎማው ይነጥራል። ካነሰ ደግሞ ሹካው ከአንዱ ጉብታ ሳይዘረጋ ሌላው ስለሚደርስበት እየተጨመቀ ሄዶ ይደነድናል። ስለሆነም የማስተካከያውን ቁልፍ ከመካከለኛው ቦታ አስጀምሮ፣ በአንድ መንገድ ደጋግሞ በመሞከር ጥቂት በጥቂት ማዞር ይበጃል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን በደብተር መመዝገብ ተገቢ ነው፤ አለዚያ የትኛው ለውጥ ምን እንዳስከተለ ለማወቅ ያስቸግራል። የአየሩ ግፊት በተለወጠ ጊዜም ይህ ፍጥነት እንደገና መታየት አለበት።

በደንብ የተስተካከለ መሣሪያም ካልተጠበቀ ይበላሻል። ዋናው ጠላቱ አቧራና ጭቃ ነው። በውስጠኛው ቱቦ ላይ የቀረ አሸዋ ወደ ላስቲኩ መክደኛ ገብቶ ቱቦውን ይፍቀዋል፤ ከተፋቀውም ቦታ ዘይት ይወጣል። ስለዚህ ከየጉዞው በኋላ ቱቦውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት ግን በመክደኛው ላይ ማነጣጠር አይገባም። የታችኛው ክፍል ዘይት የሚለወጥበትን ጊዜ አምራቹ ይወስናል፤ አንዳንዶች በየ50 የጉዞ ሰዓት እንዲለወጥ ያዛሉ። የታመቀ አየር ያለበትን ክፍል አየሩን ሳያስወጡ መፍታት አደገኛ ስለሆነ ይህ ሥራ ለሠለጠነ ባለሙያ ቢተው ይመረጣል።

ሹካ በአንድ ቀን አይበላሽም። በመጀመሪያ ቱቦው ላይ ቀጭን የዘይት ምልክት ይታያል፤ ቀጥሎ እንቅስቃሴው ይከብዳል፤ በመጨረሻም በቁልቁለት መካከል ጎማው መሬቱን ይለቃል። የመጀመሪያውን ምልክት አይቶ በጨርቅና በጥቂት ዘይት የሚገላገል ነጂ የመጨረሻው አይደርስበትም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለውም ለዚህ ነው።