ትንፋሽ ሲያጥር ለምን ድንጋጤ ይከተላል?

ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ይህም ትንፋሹን ይብስ ያሳጥረዋል። በሲጋራ ወይም ለዓመታት በማገዶ ጭስ የተጎዳ ሳንባ ዋና ችግሩ አየር ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት ነው። የጠበቡት የአየር ቧንቧዎች ቀድመው ስለሚዘጉ አሮጌው አየር ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ ቦታ ያጣል። «በኃይል ሳብ!» የሚለው ምክር፣ ከቅን ልብ ቢመጣም፣ እዚህ ላይ አይረዳም። የሚሻለው በአፍንጫ ቀስ ብሎ ስቦ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርዱ ከንፈርን አሞጥሙጦ፣ የሳቡበትን ጊዜ እጥፍ ወስዶ ማስወጣት ነው። ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል ማለትና ክርንን ጉልበት ላይ ማሳረፍም ይረዳል። ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር፣ በእጅ ማራገቢያም ቢሆን፣ የመታፈን ስሜትን ያቃልላል። ከንፈር ከጠቆረ ወይም መናገር ካቃተ ግን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።