ጫጩቷን ከመቅበራችሁ በፊት

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው የይፋት ቆላ ጫጩት ሲሞት ምርመራው በአንድ ቃል ያልቃል፤ ፈንግል። ማታ ደህና ገብታ ጠዋት ክንፏን ጥላ የተገኘችውን የገደላት ፈንግል ነው፤ ደም ያስቀመጣትንም ፈንግል፣ እግሯ አልታዘዝ ያላትንም ፈንግል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው የታወቀ ነው። ከፊሉ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ ይግታል፤ ከፊሉ ለሰው የተገዛ ቴትራሳይክሊን ፈልቅቆ ውኃው ላይ ይበትናል፤ ከፊሉ የተረፉትን አስሮ ወደ ሰንበቴ ገበያ ይገሰግሳል። መልሱን በሆዷ የያዘችው ሟች ግን ከአጥር ውጭ ትወረወራለች።

እኔ ለዚህች ለምትወረወረው እቆረቆራለሁ። በድን ከፍቶ የሞትን ምክንያት መፈለግ ከእንስሳት ሕክምና ሥራዎች ሁሉ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ፣ ፈጣንና የተናቀ ሙያ ነው። ስለት፣ ሳሙናና የቀን ብርሃን ካለ ይጀመራል። ለፋሲካ 12 ብልት የምታወጣ እናት ሐሞት ሳይፈስ ጉበት ማንሳት ታውቃለች፤ የዶሮን ሆድ ዕቃ ለእርሷ ማስተማር አይከብድም። የጎደለው ምን መፈለግ እንዳለባት የሚነግራት ሰው ብቻ ነው።

ፈንግል የለም አልልም። በሳይንሱ ኒውካስል የሚባለው ይህ የቫይረስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1926 በጃቫና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ከታወቀ ወዲህ ዓለምን አዳርሷል፤ እኛንም ብዙ ዶሮ አሳጥቶናል። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥና አንገት መጠምዘዝ ምልክቶቹ ናቸው። ነገር ግን ፈንግል ዕድሜ አይመርጥም። ያልተከተበ መንደር ከገባ ጫጩቷንም፣ ቄቧንም፣ አውራውንም ይዞ ይሄዳል። ትልልቆቹ ጓሮ እየጫሩ የአራት ሳምንት ጫጩቶች ብቻ የሚረግፉ ከሆነ ግን ሌላ ነገር መጠርጠር አለበት። ስለዚህ ከስለቱ በፊት የሚመጣው ጥያቄ “ስንት ሳምንታቸው ነው?” የሚለው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱትን ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው ብርድ፣ ተደራርቦ መታፈን ወይም ከእንቁላሉ ጋር የመጣ ባክቴሪያ ነው። ሮቢት ሙቅ ነው ተብሎ የሌሊት ማሞቂያ ይዘነጋል። ሆዷ ሲከፈት ያልተመጠጠና የሚሸት አስኳል ከተገኘ ምክንያቱ ከማስፈልፈያው ወይም ከንጽሕና ጉድለት ይፈለግ።

ከሦስተኛው ሳምንት ወዲህ ደም የቀላቀለ ኩስ ከታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮክሲዲያ ነው። በዓይን የማይታየው ይህ ጥገኛ ተሕዋስ እንቁላሉን ከኩስ ጋር ይጥላል፤ እንቁላሉ ሌላዋን ጫጩት ለመያዝ የሚበቃው ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ነው፤ ሁለቱን ካገኘ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሙቀቱን ቆላው ይሰጣል፤ እርጥበቱን የምናቀርበው እኛ ነን፣ መጠጫው ሲገለበጥ ጉዝጓዙን ሳንቀይር እያደርን። የጫጩቷ ሆድ ሲከፈት ሁለቱ ዕውር አንጀቶች በደም ተነፍተው ይገኛሉ፤ አንዴ ያየ ሰው አይስተውም። ቴትራሳይክሊን ይህን ተሕዋስ አይገድለውም። የሚያገለግለው እንደ አምፕሮሊየም ያለ መድኃኒት ሲሆን፣ ሥራውም ተሕዋሱን ቫይታሚን ቢ1 ማሳጣት ነው። “እንዲበረቱ” እያሉ ቫይታሚን አብሮ መበጥበጥ ታዲያ ጠላትን መቀለብ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች መድኃኒቱ አልሠራም ሲሉ ስሰማ እበሳጫለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጫጩቷ በጀርባዋ ተጋድማ አንጀቷ ወደ ጎን ሲነሳ፣ ከፊንጢጣዋ በላይ፣ ከጀርባ አጥንቷ ሥር፣ ከሽምብራ ፍሬ ከፍ የምትል ክብ ከረጢት አለች። ብዙ ዶሮ የሠሩ እናቶች እንኳ አያውቋትም፤ አይፈረድባቸውም፣ ዶሮዋ ለእንቁላል ስትደርስ ከረጢቷ ትከስማለች። መጀመሪያ የጻፈላት ጣሊያናዊው የፓዱዋ ሐኪም ፋብሪሲየስ ነው፤ ጽሑፉም የታተመው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1621 ነበር። የምትሠራው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ።

የታወቀውም በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብሩስ ግሊክ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ከረጢቷን ከጫጩቶች እያወጣ ምን እንደሚጎድላቸው ይከታተል ነበር። ባልደረባው ቲሞቲ ቻንግ ፀረ እንግዳ አካል እንዴት እንደሚመረት ለተማሪዎች ለማሳየት ዶሮ ፈለገና ከግሊክ ዶሮዎች ወሰደ፤ ከሳልሞኔላ የተዘጋጀ መርፌ ወጋቸው። ከረጢታቸው የወጣው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል ሳያመርቱ ቀሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1956 የታተመው በአንድ የዶሮ ሳይንስ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ ለዓመታት ብዙም ሰው ልብ አላለውም። በሰው ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ሕዋሳት ተለይተው የታወቁት ግን የዚችን የጫጩት ከረጢት ፈለግ በመከተል ነው።

ጉምቦሮ የሚባለው ቫይረስ የሚያነጣጥረው በዚህችው ከረጢት ላይ ነው። ስሙን ያገኘው በአሜሪካዋ ዴላዌር ግዛት ካለች ቦታ ነው፤ በአገራችን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 በቢሾፍቱ አካባቢ በአንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ያሉትን በድንገት ይጥላል፤ ሞቱ ለጥቂት ቀን ያይልና ይቆማል። በበሽታው አራተኛ ቀን ገደማ የሞተችዋ ስትከፈት ከረጢቷ አብጣ፣ ዝልግልግ ቢጫ ነገር ለብሳ ትገኛለች፤ ታፋና ፍርምባ ላይ ደም የቋጠሩ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከስምንት ቀን በኋላ ከታየች ግን ከረጢቷ ከልኳ አንድ ሦስተኛ ትሆናለች። እንግዲህ በጊዜ መክፈት ለምን እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ከሁሉ የከፋው ምልክት የሌለው ጉምቦሮ ነው። ሦስት ሳምንት ያልሞላት ጫጩት ስትያዝ ላትሞት ትችላለች፤ ከረጢቷ ግን ይጎዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰጣት የፈንግል ክትባትም በቅጡ አይዝላትም። ሸዋ ሮቢት ውስጥ የአንድ ቀን ጫጩት ተረክበው እስከ 45 ቀን የሚያሳድጉ አንዲት እናት፣ “ፈንግል ፈጀብኝ ልጄ፤ ክትባቱንም ሰጥቼ ነበር” አሉኝ። ያን ጠዋት ከሞቱት አንዷን ከፈትንላቸው። ታፋዋ በደም ነጠብጣብ ተሞልቶ፣ ከረጢቷም አብጦ ነበር። ጎንበስ ብለው አዩና፣ “ስንት ዶሮ ስሠራ ኖሬ ይቺን አይቻት አላውቅም!” አሉ። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት እንደሌለ ስነግራቸው አዘኑ። ለቀጣዩ ዙር ግን የጉምቦሮ ክትባት ከፈንግሉ ጋር በየጊዜው እንዲሰጥ፣ ቤቱም ጉዝጓዙ ወጥቶና ታጥቦ ባዶውን እንዲቆይ ከአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተስማሙ። ቫይረሱ ባዶ ቤት ውስጥ ለወራት ይቆያልና።

ስለ ክትባት ካነሳሁ አይቀር፣ በቆላ የሚሞተው ጫጩት ብቻ አይደለም፤ ክትባቱም ይሞታል። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም የሚያመርተው ብልቃጥ ብዙ ዶሮ የሚከትብ ስለሆነ ስምንት ዶሮ ያላት ቤት ብቻዋን አትገዛውም፤ ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ጠዋት መከተብ ያዋጣል። ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውኃ ክትባቱን ይገድለዋል። በበረዶ ያልተያዘ ብልቃጥ ከኪስ አውጥቶ የሚሰጣችሁን ሰው አትቀበሉ። ሙቀት የሚቋቋመው፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው አይ-2 የተባለው የፈንግል ክትባት ለእንዲህ ዓይነቱ አገር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፀሐይ ላይ አይጣል።

ለመክፈት የምትሹ፣ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ፤ ላባውን በሳሙና ውኃ አርጥቡ፤ ከማዕድ ቤት፣ ከልጆችና ከዶሮ ቤቱ ራቁ፤ ሲያበቃ በበረኪና አጽዱ። በድኗ በጥልቅ ትቀበር ወይም ትቃጠል፤ ሮቢ ወንዝ ውስጥ የሚጥሉ ሰዎች በሽታውን ለታችኛው መንደር እየላኩ ነው። በአንድ ሌሊት ትልቅ ትንሽ ሳይል ብዙ ዶሮ ከረገፈ ግን አትንኩ፣ አትክፈቱ፤ የወፍ ጉንፋንም ሊሆን ስለሚችል ለወረዳው እንስሳት ጤና ወዲያው አስታውቁ።

ያልገባችሁን ለምሥራቅ አማራ ወደሚያገለግለው የኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ በባለሙያ አማካይነት መላክ ይቻላል። በሮቢት ሙቀት በድን በሰዓታት ውስጥ ሆዱ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል፤ የበሰበሰ ደግሞ አይመረመርም። እንደሞተች በድርብ ፌስታል ታስራ በበረዶ መካከል ትቀመጥ፤ እንደ ድንጋይ እስክትደርቅ ግን አትቀዝቅዝ። ከእርሷ ጋር ወረቀት ይሂድ፤ ዕድሜያቸው፣ ስንት ነበሩ፣ ስንት ሞቱ፣ መቼ ተጀመረ፣ መቼና ምን ተከተቡ የሚል። የሰጣችሁትንም መድኃኒት፣ ቴትራሳይክሊኑንም ጭምር፣ ሳትደብቁ ጻፉ፤ ላቦራቶሪው ባክቴሪያ ፈልጎ ሲያጣ፣ ያጣው ስለሌለ ይሁን መድኃኒቱ ስለሸፈነው ሊለይ የሚችለው በዚያች መስመር ነው።